ለአደን የሚገዛ መሬት በአሜሪካ፦ ሙሉ ደን፣ ማሳ ያለበት ደን ወይስ የወንዝ ዳር ረግረግ?

በአሜሪካ ገጠር ለአደን የሚሸጥ መሬት ሲተዋወቅ ጎልቶ የሚጻፈው የአንድ ኤከር ዋጋ ነው። በዚያ ቁጥር ብቻ የሚያወዳድር ገዢ ብዙ ጊዜ ውዱን መሬት ርካሽ መስሎት ይገዛል። ሒሳቡን በሦስት መሬቶች እንየው። ዋጋዎቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ በየካውንቲው (በግዛት ሥር ባለው የአካባቢ አስተዳደር) ይለያያሉ።

የመጀመሪያው 80 ኤከር (32 ሄክታር ገደማ) ሙሉ ደን ነው፤ በኤከር 4,000 ዶላር፣ በድምሩ 320,000። ሁለተኛውም 80 ኤከር ነው፤ 30ው የሚታረስ ማሳ፣ 50ው ደን፤ በኤከር 4,800፣ በድምሩ 384,000። ሦስተኛው 120 ኤከር የወንዝ ዳር ረግረጋማ ደን ነው፤ በኤከር 2,200፣ በድምሩ 264,000።

አሁን እያንዳንዱን እንበትነው። በመጀመሪያው ላይ የደን ባለሙያ የቆመውን እንጨት ለክቶ 70,000 ዶላር ያወጣል ካለ፣ ለአፈሩ የሚከፈለው 250,000 ብቻ ነው፤ በኤከር 3,125። በሁለተኛው ላይ በአካባቢው ተመሳሳይ አፈር ያለው ማሳ በኤከር 7,000 ከተሸጠ 30ው ኤከር ብቻውን 210,000 ነው። ለ50ው ኤከር ደን የሚቀረው 174,000፣ በኤከር 3,480 ነው። በሦስተኛው በአደን ወቅት 50 ኤከር ውሃ የሚተኛበት ከሆነ፣ አጋዘን የሚታደንበት 70 ኤከር ነው፤ 264,000 ለ70 ሲካፈል 3,771። ማስታወቂያው ላይ በኤከር ርካሹ የነበረው ለአጋዘን አዳኝ ውዱ ሆነ። ዳክዬ ለሚያድን ሰው ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ለእሱ ዋጋ ያለው ውሃ የሚተኛበት 50 ኤከር ነው።

ለዚህ ብተና የሚያስፈልገው የተሸጠ ዋጋ እንጂ የተጠየቀ ዋጋ አይደለም። ባለፉት 12 እስከ 24 ወራት በዚያው ካውንቲና በአጎራባቾቹ የተሸጡ፣ በስፋት የሚቀራረቡ መሬቶችን ይፈልጉ። 20 ኤከርን ከ200 ኤከር ጋር ማወዳደር አይሠራም፤ ትንሽ መሬት የመግዛት አቅም ያለው ሰው ስለሚበዛ የኤከር ዋጋው ይንራል። ቴክሳስን፣ ሚሲሲፒንና ሞንታናን በመሳሰሉ ግዛቶች የሽያጭ ዋጋ ለሕዝብ ይፋ እንዲደረግ ሕግ ስለማያስገድድ መረጃው ያለው የመሬት ደላሎችና ገማቾች እጅ ነው። እዚያ ለገለልተኛ ገማች መክፈል አያስቆጭም። የአገር አቀፍ አማካይ ግን ብዙም አይረዳም፤ የግብርና ሚኒስቴሩ በ2024 ያወጣው አማካይ ለማሳ በኤከር 5,570፣ ለግጦሽ መሬት 1,830 ዶላር ነበር። ይህ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ አንድን ቁራሽ መሬት አይተምንም።

ሙሉ ደን

ጥቅሙ እንጨቱ ነው፤ ችግሩም እዚያው ነው። ሻጩ መሬቱን ከመሸጡ በፊት እንጨቱን ለብቻ ሸጦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ውል ካውንቲው መዝገብ ቤት ከተመዘገበ ቆራጩ በውሉ ዘመን ውስጥ ገብቶ የመቁረጥ መብት አለው፤ አዲሱ ባለቤት በአደን ወቅት የመጋዝ ድምፅ እየሰማ ይቀመጣል።

ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ መሬት ለዓይን ያስጠላል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ለአጋዘን ግን ከተቆረጠ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ምግቡም መደበቂያውም እዚያ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች በቦታው ጥድ ከተተከለ ዛፎቹ አድገው ቅርንጫፋቸው ሲገጥም ብርሃን መሬት መድረሱን ያቆማል፤ ሥር ያለው ቅጠላ ቅጠል ይጠፋል። ከ12 እስከ 18 ዓመት ባለው ጊዜ የመጀመሪያው ማሳሳት፣ ማለትም ከዛፎቹ ከፊሉን ቆርጦ ማውጣት፣ እስኪደረግ ድረስ መሬቱ ለአደን ደካማ ነው። ስለዚህ ጥድ ሲገዙ የተተከለበትን ዓመት ይጠይቁ። የ8 ዓመት ጥድና የ20 ዓመት ጥድ በማስታወቂያ ላይ ሁለቱም «ጥድ» ናቸው፤ በተግባር ግን የተለያየ መሬት ናቸው።

አንድ የሚረሳ ነገርም አለ። በግዢው ወቅት ከጠቅላላው ዋጋ ውስጥ የእንጨቱ ድርሻ ስንት እንደሆነ በባለሙያ ግምት ተለይቶ ይቀመጥ። በኋላ እንጨቱ ሲሸጥ ታክስ የሚሰላው ከዚያ ድርሻ በላይ ባለው ትርፍ ላይ ነው።

ማሳ ያለበት ደን

ከሦስቱ በየዓመቱ ወጪውን በከፊል የሚመልስ ይህ ብቻ ነው። 30ው ኤከር በዓመት በኤከር 200 ዶላር ከተከራየ 6,000 ዶላር ይገባል፤ በአብዛኛው ካውንቲ የመሬት ግብሩን ሸፍኖ ይተርፋል። ገበሬው ሲያጭድ ጠርዝ ላይ ጥቂት ረድፍ በቆሎ ወይም አኩሪ አተር እንዲተው በኪራዩ ላይ ቅናሽ ማድረግም ይቻላል፤ ራስዎ ትራክተር ገዝተው ለአጋዘን ከሚዘሩት ይረክሳል።

ነገር ግን ማሳው ላይ ተከራይ ካለ ገዢው የሚገዛው ከነኪራዩ ነው። በአዮዋ የእርሻ ኪራይን ለማቋረጥ እስከ ሴፕቴምበር 1 በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ያ ቀን ካለፈ ውሉ በማርች 1 ለሚጀምረው ዓመት ይቀጥላል። በኦክቶበር የገዛ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ይጠብቃል ማለት ነው።

ማሳው በመንግሥት የአፈር ጥበቃ ፕሮግራም፣ በተለምዶ ሲአርፒ በሚባለው፣ ሥር ከሆነም ነገሩ ሌላ ነው። ውሉ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይዘልቃል፤ መንግሥት በየዓመቱ ይከፍላል፤ በለውጡ መሬቱ አይታረስም። ረጅሙ ሣር ለአጋዘንና ለወፍ ግሩም መጠለያ ነው። ገዢው ውሉን ካልተረከበ ግን ሻጩ እስከዚያ የተቀበለውን ክፍያ ሊመልስ ይገደዳል፤ ስለዚህ ማን እንደሚረከብ በሽያጭ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ጠቡ ከክሎዚንግ፣ ማለትም ሽያጩ ከተጠናቀቀ፣ በኋላ ይመጣል።

ረግረጉ

የርካሽነቱ ምክንያት ሁልጊዜ አለ። ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ አፈር ሞልቶ መንገድ መሥራት ወይም ግድብ ማቆም የፌዴራሉን የንፁህ ውሃ ሕግ ሊነካና የጦር መሐንዲሶች ኮርን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። አንዳንዱ መሬት ደግሞ ከዓመታት በፊት ቋሚ የረግረግ ጥበቃ ግዴታ ውስጥ ገብቷል፤ ማደንና ሌላ ሰው እንዳይገባ መከልከል ይቻላል፣ ጎጆ መሥራት ግን አይቻልም። ለዳክዬ አዳኝ ይህ እንዲያውም መልካም ዜና ነው፤ ለሌላው ሰው ማረፊያ የሌለው መሬት ነው። ፌማ የተባለውን የፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት የጎርፍ ካርታ በነፃ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል፤ መሬቱን ደግሞ ዝናብ በበዛበት ሳምንት ሄዶ መርገጥ ነው።

ከሁሉም በላይ፦ መግቢያውና ንፋሱ

ሦስቱም ዓይነት መሬት የሚበላሸው ወይም የሚሻለው እዚህ ላይ ነው።

40 ኤከር አራት ማዕዘን ሆኖ ሲለካ እያንዳንዱ ጎን 1,320 ጫማ፣ 400 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ወንድ አጋዘን ብዙ መቶ ኤከር ያካልላል፤ ስለዚህ ትንሽ መሬት የገዛ ሰው አጋዘን አልገዛም፣ አጋዘን የሚያልፍበትን መተላለፊያ ነው የገዛው። ጎረቤቱ ያየውን ሁሉ የሚተኩስ ከሆነ የራስዎ ጥንቃቄ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ከመግዛት በፊት የጎረቤቶቹን ስም ከካውንቲው ካርታ አውጥቶ በር ማንኳኳት ከማንኛውም ፎቶ የበለጠ ይነግራል።

በመካከለኛው ምዕራብና በምሥራቁ የመጸው ንፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወይም ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። መንገዱ በምሥራቅ በኩል ከሆነ አዳኙ ንፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ይገባል፤ ጠረኑ ወደ መንገዱ ይሄዳል። መንገዱ በምዕራብ ብቻ ከሆነ ገና መኪናውን ሲያቆም ጠረኑ መሬቱን ያቋርጣል። በሁሉም ነገር እኩል ከሆኑ ሁለት መሬቶች የምሥራቅ መግቢያ ላለው ጨምሮ መክፈል ተገቢ ነው። ሻጮች ይህን በዋጋ ላይ እምብዛም አይቆጥሩትም፤ የገዢ ዕድል እዚያ ነው። ቀጭንና ረጅም መሬት በተቃራኒው የኤከር ቁጥሩ ትልቅ ቢሆንም ከሁለቱ ጎን ድንበር ብቻ ነው።

መንገድ የማይደርሰው መሬት በጣም ይረክሳል፤ ረክሶም ላይጠቅም ይችላል። «ሁልጊዜ በጎረቤት ግቢ ነው የምናልፈው» የሚል ሻጭ የሚያወራው ስለ ወዳጅነቱ ነው፤ ወዳጅነት ለገዢ አይተላለፍም። የሚያስፈልገው ኢዝመንት ነው፤ ማለትም በሌላ ሰው መሬት የማለፍ መብት። በጽሑፍ ሆኖ ካውንቲው የተመዘገበ፣ ከመሬቱ ጋር ለወራሽም ለገዢም የሚተላለፍ፣ ስፋቱ ከተቻለ 30 ጫማ የሆነ፣ የእንጨት መኪናንና የመብራት መስመርን የሚፈቅድ መሆን አለበት። ለእግር ብቻ የተፈቀደ ከሆነ የእንጨቱ ዋጋ ከሒሳቡ ይውጣ።

መግዛት ወይስ ለአደን መከራየት?

የመጀመሪያውን 80 ኤከር 25 በመቶ ቅድሚያ ከፍሎ፣ ቀሪውን 240,000 በ8 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት የሚመልስ ሰው በወር 2,007 ዶላር ገደማ ይከፍላል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 19,000 ያህሉ ወለድ ነው። ባዶ መሬት ላይ ባንኮች ከቤት ይልቅ ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ በገጠር መሬት የለመዱት የፋርም ክሬዲት አበዳሪዎች ናቸው። ያንኑ 80 ኤከር በኤከር 20 ዶላር ለአደን የሚከራይ ሰው በዓመት የሚያወጣው 1,600 ዶላርና የኢንሹራንስ ወጪውን ነው። ተከራይ የሚያጣው ዋስትናን ነው፤ ባለመሬቱ ሲሸጥ ወይም የተሻለ ከፋይ ሲያገኝ ያለፉት ዓመታት ልፋት አብሮ ይሄዳል። ለአደን ብቻ ከሆነ በገንዘብ ረገድ ኪራይ ያሸንፋል። ግዢ ትርጉም የሚኖረው እንጨቱ፣ ማሳው ወይም ጎጆው ተጨማሪ ምክንያት ሲሆን ነው።

መሬት መግዛት የማደን መብትን እንደማይገዛም ይታወቅ። አውሬው የግዛቱ እንጂ የባለመሬቱ አይደለም። አዮዋ ለነዋሪ ላልሆኑ በዓመት የምታወጣው ወንድም ሴትም ለመግደል የሚያስችል የአጋዘን ፈቃድ 6,000 ብቻ ነው፤ በዕጣ ነው የሚሰጠው፤ እዚያ መሬት ያለው የሌላ ግዛት ሰውም ዕጣውን ይጠብቃል። ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው ገዢ ደግሞ የእርሻ ወይም የደን መሬት ሲገዛ በ90 ቀን ውስጥ ለግብርና ሚኒስቴር ማሳወቅ አለበት፤ አንዳንድ ግዛቶች ተጨማሪ ገደብ አላቸው።

ውሉ ላይ የሚጻፈው

የፍተሻ ጊዜ ቢያንስ 30 ቀን ይጠየቅ። በዚያ ውስጥ ሰርቬይ (የድንበር ልኬታ) ይደረግ፤ አሮጌ አጥር ድንበር ላይሆን ይችላል፣ ዲዱ (የባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነዱ) ላይ «ይብዛም ይነስ» የሚል ቃል ካለም የኤከሩ ቁጥር ዋስትና የለውም። ውሉ ዋጋውን በተለካ ኤከር ቢያስር ይሻላል፤ 80 የተባለው 76 ሆኖ ሲገኝ በ4,000 ሒሳብ 16,000 ዶላር ይቀነሳል። ከምድር በታች ያለው ማዕድን የማን እንደሆነ ታይትሉ (የባለቤትነት መዝገቡ) ላይ ይታይ። በቴክሳስ ማዕድኑ ተለይቶ ከተሸጠ ባለማዕድኑ መሬቱ ላይ ገብቶ የመቆፈር መብት አለው፤ ታይትል ኢንሹራንስም ብዙ ጊዜ ማዕድንን አይሸፍንም። ጎጆ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አፈሩ ፍሳሽ መምጠጡ ተፈትኖ ካላለፈ ውሉ እንዲፈርስና ቀብዱ እንዲመለስ ያስጽፍ። መሬቱ በእርሻ ተመን ግብር የሚከፈልበት ከሆነ አጠቃቀሙ ሲለወጥ የኋላ ግብር ሊመጣ ይችላል፤ በቴክሳስ የሦስት ዓመት ነው። ያንን ማን እንደሚከፍል በስም ለይቶ መጻፍ የአንድ መስመር ሥራ ነው።