ትሬ ጆንሰን ወይስ ጄረማያ ፊርስ? የዊዛርድስ 6ኛ ምርጫ

የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ (NBA) ቡድን ዋሽንግተን ዊዛርድስ በ2024/25 የውድድር ዓመት 18 ጨዋታ አሸንፎ በ64ቱ ተረታ። ከሊጉ በውጤት ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኖ ሳለ በድራፍቱ (ቡድኖች በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት) ተራውን የሚወስነው ዕጣ 6ኛ ምርጫ ላይ ጣለው፤ ለእሱ ከዚያ የባሰ ቦታ አልነበረም። በዋሽንግተን ዙሪያ ለምንኖር ብዙ ሐበሾች ያ ምሽት አንጀት የሚያቆስል ነበር።

ከድራፍቱ በፊት ልቤን የከፈሉት ሁለት ጋርዶች (ኳስ እየነዱ ከውጭ የሚጫወቱ) ናቸው። የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲው ፊርስ ደፋር ነው፤ ተከላካይን አታሎ ቅርጫቱ ሥር ይደርሳል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን ቡድን የጣለበት ኳስ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፦ 11 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ባለ 3 ነጥብ ሲወረውር ፋውል ተሠራበት፣ ኳሱ ገባ፣ ቅጣቱንም አስቆጠረ፤ 87 ለ 86። ከሩቅ ግን ከ3 ሙከራው 1 እንኳ አይሞላለትም ነበር።

የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆንሰን በጨዋታ 20 ነጥብ ገደማ ያስቆጥር ነበር፤ ከሩቅ ወርውሮ 40 በመቶ ያህሉን ያገባል። ቡድኑ ኳስ የሚያንቀሳቅስ ጋርድ፣ ካሪንግተን፣ ስላለው የጎደለው ወርዋሪ ነበር። ስለዚህ ግምቴ ጆንሰን ነበር፤ ዊዛርድስም እሱን ወሰደ። ፊርስ ወዲያው በ7ኛው ወደ ኒው ኦርሊንስ ሄደ።