የኒውዮርክ መምህራን የኅብረት ስምምነት፦ ፕሮግራም፣ ምደባና ቅሬታ ላይ ምን ያህል ይሠራል?

የኒውዮርክ ከተማ መምህራን ማኅበር፣ በአጭሩ ዩኤፍቲ፣ ከከተማው የትምህርት መሥሪያ ቤት ጋር ያለው የኅብረት ስምምነት ዳጎስ ያለ ሰነድ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ውል በ2023 በአባላት ድምፅ የጸደቀው ሲሆን እስከ ኖቬምበር 2027 ይቆያል። የአሜሪካው ጉዳይ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያገላብጠው የደመወዙን ገጽ ስለሆነ እሱን በቶሎ እንለፈው፦ ሦስት ጊዜ 3 በመቶ፣ ቀጥሎ 3.25፣ መጨረሻ ላይ 3.5 በመቶ ጭማሪ። ከ2022ቱ የዋጋ ንረት ጋር ሲተያይ የሚያስደስት አይደለም። የመምህሩን የዕለት ሕይወት የሚወስነው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ስለ ፕሮግራምና ምደባ የሚናገረው አንቀጽ 7 እና ስለ ቅሬታ የሚናገረው አንቀጽ 22።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እናስቀምጥ። ውሉ ቁጥርና ቀነ ገደብ ባስቀመጠበት ቦታ ሁሉ ጠንካራ ነው፤ «አስተዳደራዊ ሁኔታው በፈቀደ መጠን» ባለበት ቦታ ሁሉ ደግሞ መምህሩ በርዕሰ መምህሩ መልካም ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። ጠንካራው ክፍልም ቢሆን የሚሠራው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ንቁ የማኅበር ተወካይ ሲኖር ነው።

ከሎድ እንጀምር። የሁለተኛ ደረጃ መምህር በሳምንት 25 ፔሬድ ያስተምራል። ከዚያ ውጭ 5 ፔሬድ የዝግጅት፣ 5 ፔሬድ ደግሞ የሙያ ሥራ የሚባለው፣ ማለትም ጥበቃ፣ ተማሪ ማስጠናትና የመሳሰለው፣ አለው። በየቀኑ ሲከፋፈል አምስት ማስተማሪያ፣ አንድ ዝግጅት፣ አንድ የሙያ ሥራና አንድ ምሳ ነው። የዝግጅት ፔሬዱ የመምህሩ ነው። ፕላን ያውጣበት፣ ፈተና ያርምበት፣ የሚወስነው ራሱ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ በዚያ ሰዓት ስብሰባ ሊጠራበት አይችልም። ከቀረ መምህር ክፍል ግባ ተብሎ የሚያልፍ የዝግጅት ጊዜ ደግሞ ክፍያ የሚያስከትልበት ሥርዓት አለ። በየቀኑ የተተኪ መምህር እጥረት ባለበት ትምህርት ቤት የገባበትን ክፍልና ቀን መዝግቦ የማይዝ መምህር ያንን ገንዘብ አያገኘውም።

የማኅበሩ ሰዎች ፕሮግራም ሲመረምሩ መጀመሪያ የሚያዩት ተከታታይ ፔሬዶችን ነው። ውሉ ከሦስት በላይ ተከታታይ የማስተማሪያ ፔሬድ፣ ከአራት በላይ ተከታታይ የሥራ ፔሬድ መሰጠት የለበትም ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩ ስለሆኑ ብዙ ሰው እዚህ ይሸወዳል። አንድ ፕሮግራም እንመልከት፦ 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ፔሬድ ማስተማር፣ 4ኛ ፔሬድ የኮሪደር ጥበቃ፣ 5ኛ ፔሬድ ማስተማር፣ 6ኛ ምሳ። ከማስተማር አንጻር ሦስት ብቻ ተከታትሏል፤ ደንቡ የተከበረ ይመስላል። ጥበቃው ግን ሥራ ነው። ስለዚህ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ያለው አምስት ተከታታይ የሥራ ፔሬድ ሆኗል ማለት ነው፤ ደንቡ ተጥሷል። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ዝግጅቱን ወይም ምሳውን ወደ 4ኛ ወይም ወደ 5ኛ ማምጣት ይበቃል። ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ይህን ሳያይ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ጥበቃን እንደ ባዶ ሰዓት ስለሚቆጥርለት ነው።

በዚያው አንቀጽ ስለ ዝግጅት ዓይነቶች ብዛትና ስለ መማሪያ ክፍል መለዋወጥም ተጽፏል። መምህሩ በተቻለ መጠን ብዙ የተለያየ ዝግጅት የሚጠይቅ ትምህርት እንዳይሰጠው፣ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዘዋወርበት ቁጥርም እጅግ ጥቂት እንዲሆን። እነዚህ ግን የ«በተቻለ መጠን» ድንጋጌዎች ናቸው። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አጠቃላይ ሳይንስ ተሰጥቶት በሦስት ፎቅ ሲመላለስ ቢውል፣ ርዕሰ መምህሩ «ሌላ መምህር የለኝም» ካለ ክርክሩ እዚያው ሊያበቃ ይችላል። አስተማሪን የሚያደክመው ዋናው ነገር ሦስት ዓይነት ዝግጅት ሆኖ ሳለ፣ ውሉ በዚህ ላይ እጁን ማላላቱ ትልቁ ድክመቱ ነው ብለን እናምናለን።

የሙያ ሥራ የሚባለው ፔሬድ የራሱ ታሪክ አለው። በ2005 ውል ላይ የኮሪደርና የመመገቢያ አዳራሽ ጥበቃ ወደ መምህራን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የሥራው ዝርዝር እንደ ምግብ ዝርዝር ይቀርባል፤ ርዕሰ መምህሩ ከማኅበሩ ተወካይ ጋር ተመካክሮ ያወጣዋል፣ መምህራን በምርጫ ቅደም ተከተል ይሞላሉ። ተማሪ ማስጠናት፣ ከመምህራን ጋር በጋራ ማቀድ፣ ጥበቃ ሁሉም በዝርዝሩ ሊገኙ ይችላሉ። ተወካዩ ዝርዝሩ ሲወጣ ዝም ካለ ጥበቃ ብቻ ሞልቶት ይመጣል። ይህ ስህተት በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይፈጸምና መስከረም ላይ ያስለቅሳል።

ምደባው የሚጀምረው ከምርጫ ቅጽ ነው። የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ 60 ቀን ያህል ሲቀረው መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት ምን ማስተማር እንደሚፈልግ የሚሞላበት ቅጽ ሊሰጠው ይገባል። በአንደኛ ደረጃ የክፍል ደረጃና የክፍሉ ዓይነት ይሞላል፤ በሁለተኛ ደረጃ የትምህርቱ ዓይነትና የክፍሉ ደረጃ። ዓላማው አንድ ሰው ሁልጊዜ ቀላሉን፣ ሌላው ሁልጊዜ አስቸጋሪውን ክፍል ይዞ እንዳይቀር ነው። ከዚያም ትምህርት ሊዘጋ 10 ቀን ሲቀረው የሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራም ለመምህሩ መነገር አለበት። ቅጹን በቃል መናገር አይበቃም። ሞልቶ ኮፒ ማስቀረት፣ በኢሜይልም መላክ ያስፈልጋል፤ ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምርጫህን መቼ አስገባህ?» የሚለው ነውና።

አሁን ወደ ቀነ ገደቡ እንምጣ፤ ብዙ መብት የሚሞተው እዚህ ነው። ተራ ቅሬታ ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ በ30 የትምህርት ቀናት ውስጥ ለርዕሰ መምህሩ ይቀርባል። ከፕሮግራምና ከምደባ የሚነሳው ቅሬታ ግን የተለየ ነው፤ መምህሩ ነገሩን ባወቀ በሁለት የትምህርት ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሁለት ቀን! ምክንያቱ ይገባል፤ አንድ ፕሮግራም ሲነካ የሌሎችም ስለሚነካ ትምህርት ከጀመረ በኋላ ማፍረስ ከባድ ነው። ነገር ግን መስከረም ላይ የተማሪ ስምና የክፍል ቁልፍ እየፈለገ የሚሯሯጥ አዲስ መምህር ይህን አያውቅም። ከሳምንት በኋላ «አምስት ተከታታይ ፔሬድ ተሰጠኝ» ብሎ ሲመጣ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እጅ በገባበት ቀን ተከታታይ ፔሬዶቹን መቁጠር፣ ምሳውን ማየት፣ የዝግጅት ፔሬዱ በየቀኑ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ከዚያም በዚያው ዕለት ተወካዩን ማግኘት ግድ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ካልተቀበለ ቅሬታው ወደ ከተማው የትምህርት ኃላፊ ቢሮ ይወጣል፤ እዚያም ካልተፈታ ወደ ገለልተኛ ገላጋይ ዳኛ ይሄዳል። ወደ ግልግል የማስኬድ ሥልጣን ያለው ማኅበሩ ነው እንጂ መምህሩ በግሉ አይደለም። ይህ አንዳንዱን ያናድዳል፤ እኛ ግን ትክክል ነው እንላለን፤ አንድ በደንብ ያልተያዘ ክስ የሚያመጣው ውሳኔ የሁሉንም መብት ሊያጠብ ይችላል።

በ2014 ውል የወረቀት ሥራ ብዛት፣ በ2018 ደግሞ የሥራ ጫና፣ የማስተማሪያ ቁሳቁስ፣ የቦታና የመሳሰሉት ጉዳዮች ከተራው ቅሬታ በተለየ አጭር መንገድ እንዲፈቱ ተደርጓል። ተወካዩ መጀመሪያ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይነጋገራል፤ ካልተፈታ ወደ ወረዳው ኮሚቴ ይልከዋል። አንድ መምህር ሁለት ዓይነት የትምህርት ፕላን በሁለት የተለያየ ቅጽ እንዲያስገባ ሲጠየቅ ይህ መንገድ ከተራው ቅሬታ ይሻላል። ከሁሉም በላይ መምህሩ ስሙ ጎልቶ ሳይወጣ ጉዳዩ በተወካዩ በኩል ሊነሳ ይችላል።

የክፍል ተማሪ ብዛት ላይ ውሉ ቁጥር አለው፦ መዋዕለ ሕፃናት 25፣ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል 32፣ በመካከለኛ ደረጃ 33 ሆኖ ችግረኛ ተማሪ በሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች 30፣ ሁለተኛ ደረጃ 34፣ ስፖርት 50። ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው፤ ለአሥርት ዓመታትም ብዙ አልተነኩም። የኒውዮርክ ግዛት በ2022 ያጸደቀው ሕግ እስከ 3ኛ ክፍል 20፣ ከ4ኛ እስከ 8ኛ 23፣ ሁለተኛ ደረጃ 25 እንዲሆን ያዝዛል፤ ሲጸድቅም በየዓመቱ እየሰፋ በ2028 እንዲጠናቀቅ ነበር። ማለትም ከውሉ የተሻለውን ያመጣው የሕግ አውጪው ነው። በውሉ በኩል ግን መስከረም ላይ የመጀመሪያዎቹ 10 የትምህርት ቀናት ለማስተካከያ ይሰጣሉ፤ ተወካዩ ክፍሎቹን ሁሉ ይቆጥራል፣ ያለፈው ይመዘገባል። እዚህ የሚያሳዝነው መፍትሔው ነው። ክፍሉ ተከፍሎ ሌላ መምህር ከመቀጠር ይልቅ መምህሩ ከጥበቃ ፔሬዱ ነጻ እንዲሆን የሚደረግባቸው ጊዜያት አሉ። መምህሩ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ከቁጥሩ በላይ የሆኑት ልጆች ግን በቦታቸው ናቸው።

የሥራ ሰዓቱ መሠረት 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ከ2014 ጀምሮ ከተማሪ ጋር ይውል የነበረው ተጨማሪ ጊዜ በሳምንት 155 ደቂቃ ሆኖ ለሙያ ሥልጠና፣ ወላጆችን ለማግኘትና ለሌላ የሙያ ሥራ ተመደበ። የወላጅ ጊዜ በመደበኛ ሰዓት ውስጥ መቆጠሩ ጥሩ ነው። የሰኞው ሥልጠና ግን በብዙ ቦታ ጽሑፍ እያነበቡ ሰዓት ማሳለፊያ ሆኗል፤ ውሉ ሥልጠናውን ከመምህራን ጋር አብሮ የሚያቅድ ኮሚቴ ይፈቅዳል፣ ኮሚቴውን ግን ሰው ካልገባበት ርዕሰ መምህሩ ብቻውን ይሞላዋል።

የ2005 ውል የወሰደው ነገር ብዙ ነው። በአገልግሎት ዘመን ተመርኩዞ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወር ቀረ፤ በምትኩ መምህሩ ከጸደይ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ በግልጽ ገበያ አመልክቶ የሚቀበለው ርዕሰ መምህር ያገኛል። ከዚያ በኋላ የነባሩ ርዕሰ መምህር ፈቃድ ያስፈልጋል። የሥራ ቦታ ሲቀንስ ትርፍ ሆኖ የሚወጣው ግን አሁንም በዚያ ትምህርት ቤት በማስተማር ፈቃዱ ዘርፍ አዲሱ መምህር ነው፤ ከሥራም አይባረርም፣ ደመወዙ ይቀጥላል። በዚያው ዓመት በግል ማኅደር የሚገባ የወቀሳ ደብዳቤን ፍትሐዊነት በቅሬታ የመቃወም መብት ተነሳ። የቀረው መከላከያ ሦስት ነገር ነው፦ ደብዳቤው ድርጊቱ ከተፈጸመ በሦስት ወር ውስጥ መግባት አለበት፣ መምህሩ መልሱን ያያይዛል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደብዳቤው ይነሳል። መልሱን አጭርና በቀን የተደገፈ አድርጎ መጻፍ ይገባል፤ በንዴት የተጻፈ ረጅም መልስ ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

ትምህርት ቤቱ ራሱ ከውሉ ለመውጣት የሚችልበት በርም አለ። ርዕሰ መምህሩና ተወካዩ ከተስማሙ በኋላ ድምፅ ከሰጡት አባላት 55 በመቶው ካጸደቀ የሰዓት አደረጃጀትን ወይም የክፍል ተማሪ ብዛትን መቀየር ይቻላል። ተወካዩ ካልፈረመ ድምፅ መስጫ የለም። ለዚህ ነው የተወካይ ምርጫን «ማን ይሆን?» ብሎ ችላ ማለት የሚያስከፍለው።

የጤናና የቤተሰብ ጉዳይ በአጭሩ፦ በዓመት 10 የሕመም ቀን፣ ከዚህ 3ቱን ለግል ጉዳይ መጠቀም ይቻላል፤ ያልተጠቀሙበት እስከ 200 ቀን ይጠራቀማል። ከ2018 ጀምሮ ወላጅ ለሆነ መምህር ስድስት ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ያለው ፈቃድ አለ።

ማኅበሩ ይህን ሁሉ የሚያስጠብቀው ያለ አድማ ነው። የግዛቱ ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ አድማን ይከለክላል፤ ለእያንዳንዱ የአድማ ቀን የሁለት ቀን ደመወዝ ይቆረጣል። በሌላ በኩል ውሉ ቢያልቅም አዲስ እስኪፈረም የአሮጌው ድንጋጌዎች ይቀጥላሉ፤ ይህ በ1982 የተጨመረ ነው። የክፍል ተማሪ ብዛት ቁጥሮቹ ለረጅም ጊዜ ሳይነኩ መቆየታቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱም ወገን ያለውን ይዞ መቀመጥ ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር እንዲህ ያለ ውል የለውም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይሸፈንም። የግል ትምህርት ቤት መምህራን ግን በአዋጁ ይሸፈናሉ፣ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር መመሥረት፣ የኅብረት ስምምነትም መፈራረም ይችላሉ። ረቂቅ ለሚያዘጋጁ ከዚህ ውል መውሰድ የሚገባቸው የሚከተሉትን ነው፦ የሳምንት ሎድ በቁጥር፣ የተከታታይ ፔሬድ ጣሪያ፣ የቀረ መምህር ክፍል ሲያዝ የሚከፈል ክፍያ፣ የምርጫ ቅጽ የሚሰጥበት ቀን። የሁለት ቀኑን ቀነ ገደብ ግን አይውሰዱ፤ አሥር የሥራ ቀን ያስቀምጡ፣ የመቁጠሪያውም መነሻ መምህሩ ፕሮግራሙን በጽሑፍ ፈርሞ የተቀበለበት ቀን ይሁን።