ዳጎን ወይስ የኩቱሉ ጥሪ?

አሜሪካዊውን የአስፈሪ ታሪኮች ደራሲ ላቭክራፍትን ማንበብ ገና የሚጀምር ሰው በየትኛው ይግባ? በሁለቱም ታሪኮች ከፓስፊክ ውቅያኖስ ግዙፍ ፍጡር ይወጣል።

እኔ «ዳጎን»ን አስቀድማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1917 ተጽፎ በ1919 ታተመ፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ተራኪው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከማረኩት ጀርመኖች በትንሽ ጀልባ ያመልጣል። ሲነቃ ማለቂያ በሌለው ጥቁር ጭቃ ላይ ነው። ዙሪያው የበሰበሰ ዓሣ ይገማል። ቀጥሎ ነጭ የድንጋይ ሐውልት፣ ከዚያም ሐውልቱን የሚያቅፈው ጭራቅ። የሚታየው ለአፍታ ነው። ፍርሃቱ ግን ሳን ፍራንሲስኮ ድረስ ተከትሎት የሞርፊን ሱሰኛ ያደርገዋል። «ዳጎን» የሚለው ስምም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል በታቦቱ ፊት በግንባሩ የወደቀው የፍልስጥኤማውያን ጣዖት ነው።

«የኩቱሉ ጥሪ» በ1928 «ዊርድ ቴልስ» መጽሔት ላይ ወጣ። ረዘም ያለ፣ ባለ ሦስት ክፍል ነው። እዚህ ተራኪው ጭራቁን በዓይኑ አያይም፤ ከአያቱ ወንድም ወረቀቶች፣ ከፖሊስ ቃልና ከኖርዌያዊ መርከበኛ ማስታወሻ ይገጣጥመዋል። ምርመራ የሚወድ አንባቢ ይደሰትበታል። ላቭክራፍት ነጭ ስላልሆኑ ሰዎች የሚጽፈው ንቀት ግን ያስቀይማል። መርከቡ ጭራቁን ሲገጨው ደግሞ የእኔ ፍርሃት ይቀንሳል።

«ዳጎን»ን ዛሬ ማታ አንብቡት። ሌላው ሰፊ ጊዜ ሲገኝ ይደርሳል።