ሁለት ደቂቃ ያለ አምፕሊፋየር

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የሮክ ጊታሪስቶች በአኮስቲክ ጊታር ብቻ የቀረጿቸው አጫጭር ሥራዎች ግሩም ናቸው። ተለቅመው በአንድ ፕሌይሊስት ሲደረደሩ ግን ይሞታሉ። ጊታር ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ እንዲህ ያለ ዝርዝር ላከልኝና ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳመጥኩት። ግማሹ ላይ ስደርስ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ተቀምጬ ቀጠሮ የምጠብቅ መሰለኝ። ቶኒ አዮሚ፣ ስቲቭ ሃኬት፣ ጂሚ ፔጅ፣ ራንዲ ሮድስ፤ በባሕርይም በጣትም የማይገናኙ ሰዎች አንድ ለስላሳ ድምፅ ሆነው ተደባለቁብኝ። ዝርዝሩን ዘጋሁና ወደየአልበሞቻቸው ሄድኩ።

የብላክ ሳባዝን «ኦርኪድ» እንውሰድ። በፈረንጆቹ 1971 የወጣው የ«ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ሸክላ ሁለተኛው ገጽ የሚከፈተው በእሱ ነው። ለብቻው ከተሰማ ደስ የሚል፣ ትንሽ የሚያስተክዝ፣ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ቀጥሎ «ሎርድ ኦፍ ዚስ ወርልድ» ሲገባ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። የባንዱ ጊታሪስት አዮሚ ግራኝ ነው። በ17 ዓመቱ ይሠራበት በነበረው ፋብሪካ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት፤ ክር የሚጫነው ደግሞ በዚያው እጁ ነው። ለጣቶቹ የፕላስቲክ ቆብ ሠርቶ መጫወቱን ቀጠለ፤ በዚህ አልበም ደግሞ ክሩ እንዲላላለት በበርካታ ዘፈኖች ላይ ጊታሩን አንድ ቶን ተኩል ዝቅ አድርጎ ቃኘው። ያ የወረደ ድምፅ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚታወቀው «ኦርኪድ» ጆሯችንን ካለዘበው በኋላ ነው። ፕሌይሊስቱ ላይ ከ«ኦርኪድ» ቀጥሎ የመጣው ሌላ አኮስቲክ ጊታር ነበር። ምን ዋጋ አለው?

የጄነሲስ ባንዱ ስቲቭ ሃኬትም ነገር እንዲሁ ነው። «ሆራይዘንስ» በ1972ቱ «ፎክስትሮት» ላይ ሁለተኛውን ገጽ ከፍቶ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ 23 ደቂቃ ገደማ ለሚፈጀው «ሰፐርስ ሬዲ» ቦታውን ይለቃል። መነሻው የባኽ የመጀመሪያው የቼሎ ስዊት መግቢያ ነው፤ ክላሲካል የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያዎቹ ኖታዎች ይነቃበታል። ክሩን ሳይጫኑ በስሱ ነክተው የሚያወጡት ያ የደወል ድምፅ እዚህ ላይ ለማሳመር ብቻ የገባ አይደለም፣ የዜማው አካል ነው። ተማሪዎቼ ሁሉ ይህን መጫወት ይፈልጋሉ፤ ሁሉም ያፈጥኑታል። ሃኬት አይቸኩልም።

የሌድ ዜፔሊን ባንዱ ጂሚ ፔጅ ላይ አስተያየቴ ሁለት ነው። «ብሮን ይር አውር» የተሰየመው ዌልስ ውስጥ በምትገኝ፣ በጊዜው መብራትም የቧንቧ ውሃም ባልነበራት የገጠር ጎጆ ነው። በ1970 ተቀርጾ እስከ 1975ቱ «ፊዚካል ግራፊቲ» ድረስ ተቀመጠ። ፔጅ እዚህ ጊታሩን ከተለመደው ቅኝት አውጥቶ ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ዶ፣ ላ፣ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ አድርጎ ቃኝቶታል፤ ምንም ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት የተከፈለውን ቦታ) ሳይጫን ቢመታው እንኳ ኮርድ ይሰጣል። ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክራሩን እንደገና የሚቃኝ ሰው ላየ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ አገር ጊታር የሚማሩ ልጆች ግን ጊታር የሚቃኘው በአንድ መንገድ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ይህ ሥራ ይህን እምነት ለማፍረስ ጥሩ መድኃኒት ነው። በ1969ኙ የሌድ ዜፔሊን የመጀመሪያ አልበም ላይ ያለው «ብላክ ማውንቴን ሳይድ»ም ከታብላ (ከህንድ ከበሮ) ጋር ሲሰማ ያምራል፤ ነገር ግን የፎክ ጊታሪስቱ በርት ጃንሽ «ብላክዋተርሳይድ» የተባለውን የሕዝብ ዘፈን የተጫወተበትን መንገድ የሰማ ሰው ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። አልበሙ ላይ በደራሲነት የሰፈረው የፔጅ ስም ብቻ ነው። እኔን ቅር ይለኛል።

ኤዲ ቫን ሄለን በ«ስፓኒሽ ፍላይ» ባለ ናይለን ክር ጊታር ይዞ በኤሌክትሪኩ የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል፤ በቀኝ እጁ ጣቶች ፍሬቱን ሳይቀር ይመታል። አንድ ደቂቃ ያህል አፍ ያስከፍታል። ሲያልቅ ግን የማንጎራጉረው ዜማ አልቀረልኝም። የራንዲ ሮድስ «ዲ» ከዚያም አጭር ነው፤ ለእናቱ የተሠራ፣ ትሑት ነገር። በኦዚ ኦዝቦርን «ብሊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ላይ ከ«ጉድባይ ቱ ሮማንስ» ቀጥሎ ሲመጣ ልክ ቦታው ነው። የስቲቭ ሃው «ሙድ ፎር ኤ ዴይ» በፍላሜንኮ ስልት በደንብ የተሠራ ነው፤ የባንዱ «የስ» አልበም «ፍራጃይል» አባላቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ያስገቡበት አልበም ስለሆነ ግን እዚያ ላይ ትንሽ የፈተና ወረቀት ይመስላል።

ከሁሉም የማስበልጠው የኦልማን ብራዘርስ ባንድን «ሊትል ማርታ» ነው። ዱዌን ኦልማን የታወቀው ጣቱ ላይ በሚያጠልቃት ጠርሙስ ክር ላይ እየተንሸራተተ በሚያወጣው ሙሾ መሰል ድምፅ ነው። እዚህ ላይ ጠርሙሷ የለችም። ጊታሩን ኦፕን ኢ (ክሩን ሳይጫኑ ቢመቱት የኢ ኮርድ በሚሰጥ ቅኝት) ቃኝቶ፣ ከዲኪ ቤትስ ጋር ሆኖ፣ በጣቶቹ ብቻ ይጫወታል። ሁለቱ ጊታሮች አይሽቀዳደሙም፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለዋል፣ ቀስ ብሎም ይመልስለታል። የተቀረጸው በጥቅምት 1971 ነው፤ በዚያው ወር መጨረሻ ዱዌን በ24 ዓመቱ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። ባንዱ ካስቀረጻቸው ሥራዎች በእሱ ስም ብቻ የተመዘገበው ይህ ነው። በ1972ቱ «ኢት ኤ ፒች» ላይ የገባው ከ«ብሉ ስካይ» ቀጥሎ ነው፤ ሁለቱን ሳትነጣጥሉ ስሟቸው። የሚገርመኝ ዜማው ውስጥ ሐዘን አለመኖሩ ነው፤ ፈገግ ያሰኛል እንጂ።

በስልክ ስፒከር ከሰማችኋቸው ግማሹ ይቀርባችኋል፤ አውራ ጣት የሚመታው ወፍራሙ ክር ጨርሶ አይሰማም፤ ርካሽም ቢሆን ኢርፎን ይሻላል። ጊዜ ለሌለው ሰው የማዝዘው አንድ ብቻ ነው፦ የ«ፎክስትሮት»ን ሁለተኛ ገጽ፣ ከ«ሆራይዘንስ» ጀምሮ ሳያቋርጡ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ዋይፋይ ባለበት አውርዱት።