ቡፌ፣ የግድግዳ ብረት ወይስ የቱቦላሬ መቆሚያ? ስፒከር ድሬ ቤት ውስጥ የት ይቀመጥ

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ስፒከር ገዝቻለሁ፣ ምን ላይ ላስቀምጠው?» ሁለቱ ቡፌ ሊገዙ ተነስተዋል፤ ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ትራፓኖ ተውሷል። ለሁሉም መልሴ አንድ ነው፦ ቱቦላሬ አስበይዱ።

ከዋጋው ልጀምር። ታይዋን ገበያ ባለ መስታወቱ የቲቪ ቡፌ 21,000 ብር ተባልኩ፤ ተከራክሬ 18,500 ደረሰልኝ፤ እሱም ቺፑድ ነው። የግድግዳ ብረት ጥንዱ 1,600 ብር። እኔ ያሠራሁት መቆሚያ ጥንዱ 3,650 ብር ፈጀ፦ ቱቦላሬ 1,100፣ ላሜራ 1,200፣ ብየዳ 1,000፣ ቀለም 350። ባለ 8 በ8 ሳንቲሙን ቱቦላሬ ሙሉውን 6 ሜትር ግዙ ካሏችሁ እሺ አትበሉ። ለሁለቱም እግር የሚበቃው 1.30 ሜትር ነው፤ ብየዳ ቤት ጥግ ደግሞ ከአጥር በር ሥራ የተረፈ ቁራጭ አይጠፋም።

ቡፌን የምቃወመው ስለኖርኩበት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስፒከሮቼ ከቲቪው ግራና ቀኝ ቡፌው ውስጥ ተሸጉጠው ነበር። ቤዙ ያጓራል እንጂ አይመታም፤ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። ከላይ የተደረደሩት የቡና ስኒዎች ቤዝ በመጣ ቁጥር ይንቀጫቀጫሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስፒከሩ ሲንቀጠቀጥ ቺፑዱም አብሮት ይጮኻል። ከኋላው የአየር ቀዳዳ ያለው ስፒከር ከሆነማ ቀዳዳው ከቡፌው ጀርባ ጋር ተፋጦ ይታፈናል።

ከድምፁ በላይ የጎዳኝ ግን ሙቀቱ ነው። የድሬን ግንቦት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አምፕሊፋየሩ መስታወት ተዘግቶበት ሲሠራ ውሎ አንድ ማታ ፓወር አይሲው (ድምፁን የሚያጎላው ዋናው ቺፕ) ተቃጠለ። ጠጋኙ «ኦርጅናል ነው» ብሎ በ1,800 ብር ቀየረልኝ፤ በ16ኛው ቀን እሱም ሞተ። ሌላ ሠሪ ጋ ስወስደው የድሮውንና የአዲሱን አይሲ ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየኝ። በጥጥ አሴቶን ነክሮ ሁለቱንም ጠረገ። የድሮው ጽሑፍ ንቅንቅ አላለም፤ የአዲሱ ከጥጡ ጋር ተነስቶ ሄደ፤ ለካ ፎርጅድ ነው። ሁለተኛው ጥገና 2,600 ብር። በድምሩ 4,400፣ ማለትም ከመቆሚያዬ ዋጋ በላይ። ስለዚህ ስፒከሩን የትም አድርጉት፣ አምፑን ግን ክፍት ቦታ፣ ከላዩ ቢያንስ 10 ሳንቲም አየር ትታችሁ አስቀምጡ፤ ላዩ ላይ ዳንቴል አታልብሱት።

የግድግዳ ብረት ርካሽ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚድህ ሕፃን ካለም ይገባኛል። ችግሩ ብሎኬታችን ውስጡ ክፍት ነው፤ ፊሸሩ ልስኑንና የብሎኬቱን ቀጭን ገጽ ብቻ ይዞ ይቀራል፣ ስድስት ሰባት ኪሎ ስፒከር ሲንቀጠቀጥበት ደግሞ ቀስ እያለ ይላላል። ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ስፒከር ቤዙም ያብጣል። ጥግ ላይ ከሆነማ ይብሳል፤ አጠገቡ ያለ እያንዳንዱ ግድግዳ ቤዙን እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምርበት ይችላል። ትራፓኖ የተዋሰው ጓደኛዬ ሐረር ጀጎል ውስጥ በድሮ ቤት ነው የሚኖረው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ያን ግድግዳ መብሳት ነውር ነው አልኩት። ደግሞም አያስፈልገውም። ነደባው (የሐረር ቤት ከፍ ያለው መቀመጫ) ላይ የተነጠፈው ምንጣፍና ትራስ ድምፁን ይውጥለታል፤ ቤቱ ከእኛ ሴራሚክ ሳሎን በብዙ ይሻላል። የእኛ ሳሎን ውስጥ አንዴ ብታጨበጭቡ ማስተጋባቱን ትሰሙታላችሁ።

ወደ መቆሚያው ልመለስ። ባዶ ቱቦላሬን በጣት ኳ ብታደርጉት እንደ ደወል ይጮኻል። አሸዋ ሲሞላ «ዱብ» ብሎ ዝም ይላል። አሸዋ ደግሞ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ሞልቷል። አጥቤ፣ ነፍቼ፣ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ሞላሁት፤ ለአንዱ እግር ወደ 6 ኪሎ ገባ። እርጥብ አሸዋ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። በያጁን ከላይ በቡሎን የሚዘጋ ቀዳዳ እንዲተው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እኔ ረስቼ ተመልሼ ስሄድ «አቦ፣ ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት» ብሎ 200 ብር ጨመረብኝ። ከሥር የድሮ ከመነዳሪ ቆርጣችሁ ለጥፉበት።

ከፍታውን ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ለኩ። ሶፋችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ከወለል እስከ ጆሯችሁ ያለውን አስለኩ፤ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) እዚያ ጋ መድረስ አለበት። የእኔ 92 ሳንቲም ሆነ፤ ስለዚህ እግሩን 65 አስቆረጥኩት። ስፒከሮቹ እርስ በርስ የሚራራቁት እናንተ ከእነሱ የምትርቁትን ያህል ይሁን። ከኋላ ግድግዳው በ40 ሳንቲም ጀምሩ፣ የለመዳችሁትን አንድ ዘፈን ክፈቱና አሥር አሥር ሳንቲም እያንፏቀቃችሁ ስሙት። የዘፋኙ ድምፅ ከሁለቱ መሃል፣ ምንም ከሌለበት ቦታ ሲወጣ ደርሳችኋል። ሶፋውንም ከግድግዳው ትንሽ ፈቅ አድርጉት።

ሽቦ ስትገዙ ተጠንቀቁ። በሜትር 35 ብር የሚሸጠውን በምላጭ ፋቁት፤ ላዩ መዳብ፣ ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም ነው። እንዲህ ዓይነቱ አምፑ ላይ ስታስሩት ክሩ እየተቀነጠሰ ያልቃል። እስከ ውስጡ ቀይ የሆነው እኔ ስገዛ በሜትር 120 ነበር፤ 10 ሜትር ለሁለቱም ይበቃል፣ 1,200 ብር። ቡፌውን በመተዋችሁ 14,850 ብር ተርፏችኋልና ከእሱ ክፈሉ፤ በቀሪው ወፍራም ምንጣፍ ገዝታችሁ ከስፒከሮቹ ፊት ሴራሚኩ ላይ አንጥፉ።