አጥፍቶ መሥራት ወይስ ኃይል እያለ?

የኤሌክትሪክ መስመር ሲጠገን ሁለት መንገድ አለ፦ ኃይሉን ቆርጦ መሥራት፣ ወይም ኃይል እያለ መሥራት። እኔ አጥፍቶ መሥራትን እመርጣለሁ። ግን «ጠፍቷል» የሚለው ቃል ብቻውን ሰው አያድንም።

ማብሪያው ወርዷል እንበል። ሠራተኛው የራሱን ቁልፍ ይቆልፍበታል፣ ስሙ ያለበትን ምልክት ያንጠለጥላል። ከዚያ ኃይል አለመኖሩን በመሞከሪያ ያረጋግጣል። መሞከሪያውንም ኃይል ባለው ቦታ ላይ በፊትም በኋላም ይፈትሸዋል። በመጨረሻ መስመሩን ከመሬት ጋር ያገናኛል። ይሄኛውን «ጊዜ ይፈጃል» ብሎ መዝለል በጣም ያስፈራኛል። ምክንያቱም ማብሪያው ወርዶም ቢሆን፣ በትክክል ያልተገጠመ የአንድ ቤት ጄኔሬተር ኃይል ወደ መስመሩ ሊመልስ ይችላል። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ያንን ወደ ሺዎች ቮልት ከፍ ያደርገዋል። በአጠገቡ የሚያልፍ ከፍተኛ ቮልት ያለው መስመርም ሳይነካው ኃይል ሊያሳድርበት ይችላል።

ኃይል እያለ ሲሠራ ግን መብራት አይቋረጥም። ለሆስፒታል ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሥራው ልዩ ሥልጠና ይፈልጋል፤ ሕይወትም ጓንት ላይ ይንጠለጠላል። ክፍል 2 የሚባለው የጎማ ጓንት እስከ 17,000 ቮልት ድረስ ይሠራል። ከላዩ የቆዳ ጓንት ይደረባል። ከመልበስ በፊት የጎማውን ጓንት አፍ ጠቅልሎ አየር መያዝ፣ ጫን ማለት፣ ጆሮ አስጠግቶ ማዳመጥ ነው። ትንሽ «ፍስስ» ካለ ያ ጓንት ከሥራ ይወጣል። ሰማዩ ካጉረመረመም ሥራው እዚያው ይቆማል።