የሳጥኑ ታንኮች ከዘጠኝ ወር በኋላ

ሳጥኑ በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት የታንክ ውጊያ ጨዋታ ነው፤ የመጣው መስከረም ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልን ገባ። ውስጡ አራት የፕላስቲክ ታንክ፣ ካርዶች፣ ዳይሶች፣ የካርቶን ቤቶችና የቀስት ምልክት ቅርጽ ያለው የርቀት መለኪያ አለ። ዋጋውን ለአራት ተካፈልነው። ለብቻዬ ቢሆን አልደፍረውም ነበር።

አሁን ሰኔ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዲት ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን። ጠረጴዛችን በቢራ ሳጥኖች ላይ የተጋደመ አሮጌ በር ነው። ያቋረጥነው በጥምቀት ሰሞን ብቻ ነው። ጎንደር ውስጥ በጥምቀት ቤቱ ተቀምጦ ዳይስ የሚወረውር ሰው ካለ፣ ሌላ ችግር አለበት ማለት ነው።

ታንኮቹ ከእውነተኛው 100 ጊዜ ያነሱ ናቸው። የሶቪየቱ ቲ-34 ስድስት ሴንቲ ተኩል ገደማ ይሆናል። የአሜሪካው ሸርማንም የጀርመኑ ፓንዘር 4ም ቅርጻቸው ጥሩ ነው፤ የሰንሰለቱ ጥርስ ሳይቀር ይቆጠራል። ግን ቀለም አልተቀቡም። እኛም የቤት ቀለም ሞክረን ወፍራም ሆነብን፤ ዝርዝሩን ሁሉ ደፈነው። በጥርስ ብሩሽ ፈትገን አስለቀቅነውና በስሱ ደጋግመን ቀባን። ለምልክቶቹ የእህቴን የጥፍር ቀለም ወሰድኩ። እስካሁን አላወቀችም።

ትልቁ ድክመት አፈሙዙ ነው። ክር የሚያክል ፕላስቲክ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ጓደኛችን ፓንዘሩን በብስኩት ካርቶን አድርጎ ከአዘዞ በባጃጅ ሲያመጣው፣ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ከሥሩ ቀነጠሰው። በሱፐር ግሉ ለጠፍነው፤ ዙሪያው ነጭ ሆነና በማግስቱ ደግሞ ወለቀ። በመጨረሻ በመርፌ ቀዳዳ አበጅተን ስቴኪኒ ቆርጠን ሰካንበት። ይኸው ከኅዳር ጀምሮ ፓንዘሩ የሚተኩሰው በስቴኪኒ ነው። ከሁሉም የጠነከረው እሱ ሆኖ ቀረ።

ካርዶቹም ስስ ናቸው። ማኪያቶ ከፈሰሰባቸው በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን ላሚኔት አስደረግናቸው። ይህን በመጀመሪያው ቀን አድርጉት።

ታዲያ ዘጠኝ ወር ምን አቆየን? ደንቡ ነው። ሠራተኞቹ ልምድ የሌላቸው ታንክ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ ዘግይቶ ይተኩሳል። ልምድ ያለው ግን ሁሉም ከተንቀሳቀሰ በኋላ ቦታውን ይመርጣል፣ ከሁሉም ቀድሞ ይተኩሳል። አንድ መስመር ናት፤ ግን ጨዋታውን የምትሸከመው እሷ ናት። ጀማሪው ታንክ ወዴት እንደሚሄድ ሳይወድ በግድ ያሳይሃል። አንተ ደግሞ ጎኑን እያየህ ትጠብቀዋለህ። ከዚያ በኋላ ዳይስ ነው፦ 4ና ከዚያ በላይ ይመታል፣ 6 ሲወጣ ጉዳቱ ይከፋል። የተመታውም መከላከያ ዳይስ ይወረውራል፤ ሲንቀሳቀስ ከቆየ ወይም ከቤት ጀርባ ከተከለለ ዳይሱ ይበዛለታል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ተገትሮ የሚቆም ታንክ ዕድሜ የለውም። ሁለት ዳይስ ፍሪጅ ሥር ገብተው ስለቀሩ በሉዶ ዳይስ ተክተናቸዋል። ልዩነት የለውም።

ጎረቤታችን ጋሼ አንድ ቅዳሜ ገብተው አዩን። በደርግ ጊዜ ቲ-55 በሚባለው ታንክ ላይ ጥይት ጎራሽ ነበሩ። ቆመው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «ልጆች፣ ከላይ ሆናችሁ ሁሉንም ታያላችሁ። እኛ እኮ ከውስጥ ሆነን በስንጥቅ ነበር የምናየው» አሉ። «ጋሼ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?» ስላቸው፣ «ጎንበስ በላ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከመተኮስ በፊት ጉንጭን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ በታንኩ ከፍታ ማየት ግዴታ ሆነ። ከታንኩ ያልታየ አይተኮስበትም። በደንቡ ላይ ከጨመርነው ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው።

አራት ወር ላይ ግን ሰለቸን። አራቱ ታንኮች ተዋውቀው አለቁ። ተጨማሪ ታንክ ማስመጣት ደግሞ ኪስ ይጎዳል። መፍትሔው ከራሳችን ታሪክ መጣ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በደምበጉይና የተራራ መተላለፊያ የራስ እምሩ ጦር ከጣሊያን ትንንሽ ታንኮች ጋር ተጋጥሞ ነበር። ያ ታንክ ክብደቱ ሦስት ቶን ገደማ፣ ሰው የሚይዘው ሁለት፣ የሚዞር ማማ የሌለው፣ መትረየሱ ወደ ፊት ብቻ የሚያይ ነው። አርበኞቹም በጎንና በኋላ ዞረው ላዩ ላይ ወጡበት። በ1:100 ርዝመቱ ሦስት ሴንቲ ስለሚሆን ከላጲስ ቀርጸን ሠራነው። ለአርበኞቹ ሽንብራ አሰለፍን። ተራራው መጽሐፍ፣ ሣሩ ጭድ።

ደንቡ ያለ ችግር ተቀበለው። ላጲሱ ታንክ ለመተኮስ መላ አካሉን ማዞር አለበት፤ እስኪዞር ሽንብራው ይደርስበታል። በመጀመሪያው ዙር ሜዳው ላይ የሽንብራው ዘር ማንዘር አለቀ። በሁለተኛው ጓደኛዬ ሽንብራውን ከተራራው ጀርባ አዙሮ ሦስት ላጲስ ማረከብኝ። አንድ ቅዳሜ ሽንብራው ቆሎ ሆኖ ተገኘና ጦሩ ግማሹ ውጊያው ሳይጀመር ተበላ። አሁን ጥሬውን ብቻ ነው የምንጠቀመው።

ልግዛ ወይ ለሚለኝ፦ ለአራት ሆናችሁ አንድ ሳጥን ግዙ፤ ተጨማሪዎቹን ተዉ። ለብቻህ ከሆነ አትግዛ፤ ከራስህ ጋር ተጫውተህ የምታሸንፈው ነገር የለም። እንግሊዝኛውን አንብቦ የሚያስረዳ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ የካርዱ ፊደል ደቃቅ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃንም አይነበብም። ስቴኪኒም አይጥፋ። ባለፈው ቅዳሜ የሸርማኑም አፈሙዝ መነቃነቅ ጀምሯል።